በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ዓምድ፦ የፍቅር ውጥረት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤቺንግ

ጥያቄ — ጠመኔ

ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ጥበብ ታሪክ የማታ ተማሪ ነኝ። ለማጠናቀቂያ ጽሑፌ የመረጥሁት ርእስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የኤቺንግ ኅትመቶች (በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌና በአሲድ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የሚታተሙ ሥዕሎች) በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን የፍቅር ውጥረት በቅንብር ብቻ እንዴት እንደሚያሳዩ የሚመረምር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ ርእስ የሳበኝ ፈረንሳዊው ጄምስ ቲሶ ለንደን ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ በ1876 የሠራው «የፍቅረኞች ጠብ» የተሰኘ ኅትመት ነው። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት በአንድ ዓምድ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ኩሬ አለ፣ ኩሬውን ደግሞ የዓምዶች ረድፍ ከቦታል። የሚያለቅስ የለም፣ እጁን የሚያወራጭ የለም፣ አንዱ ሌላውን አይነካም። ያም ሆኖ ሥዕሉን ባየሁት ቁጥር ሳላንኳኳ ሰው ቤት ገብቼ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ መሐል የደረስሁ ያህል ይሰማኛል፤ ይቅርታ ብሎ መውጣት ያሰኘኛል።

ይህ ስሜት ከየት ይመጣል? መምህራችን «ቅንብሩን ተመልከቱ» ከማለት አልፈው አላብራሩልንም፤ እኔም ቅንብር ስንል በትክክል የትኛውን ነገር ማለታችን እንደሆነ አንድ በአንድ ለይቼ መጻፍ አቅቶኛል። ሥራው በዘይት ቀለም የተሳለ ሳይሆን በኤቺንግ የታተመ መሆኑስ ለውጥ ያመጣል? የምታውቁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁ አለብኝ።

መልስ — ዘወትር ተመልካች

ውድ ጠያቂ፣ መልሱ በአውራ ጣትዎ ሥር ነው ብል እንደ ቀልድ አይቁጠሩብኝ። የኅትመቱን ምስል ከፊትዎ ያድርጉና ዓምዱን በጣትዎ ይሸፍኑት። የሚቀሩት አትክልት ቦታ ውስጥ ቆመው የሚያወጉ ሁለት የደኅና ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ስለ አየሩ ሁኔታ ቢነጋገሩም አይገርምም። ጣትዎን ሲያነሡ ጠቡ ይመለሳል።

ዓምዱ እንደሚለያያቸው ሁላችንም እናያለን። እኔ ከዚያ ይልቅ የሚያስገርመኝ ያው ዓምድ አንድ ላይ የሚያቆያቸው መሆኑ ነው። በእውነት የቆረጠ ሰው ፊቱን አዙሮ በኩሬው ዳር ይሄድ ነበር፤ ቦታ ሞልቷል። እነዚህ ግን ያንኑ አንድ ድንጋይ ከሁለት ወገን እየተጠጉ ቀርተዋል። ነገሩን መለያየት ሳይሆን ኩርፊያ የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ፣ እንደምናውቀው፣ የሚያኮርፉለት ሰው ቅርብ ካልሆነ አይሆንም። ሠዓሊው ሁለቱን ሰዎች አንድ ክንድ ያህል ቢያራርቃቸው ኖሮ ውጥረቱ ይረግብ ነበር፤ ዓምዱን አንሥቶ ቢያቀራርባቸው ኖሮ ደግሞ ታርቀው ባየናቸው።

ከኋላ ያለውን የዓምድ ረድፍም ጌጥ ብቻ አድርገው አይለፉት። ቲሶ ሴንት ጆንስ ዉድ በሚባለው የለንደን ሰፈር በነበረው መኖሪያው ያስገነባው ይህ ረድፍ የፓሪሱን የሞንሶ መናፈሻ ዓምዶች አስመስሎ የተሠራ ሲሆን፣ በብዙ ሥራዎቹ ውስጥ ይመላለሳል። ክብ እየሠራ ስለሚዞር ዓይናችን ከሰዎቹ ሸሽቶ ኩሬውን ቢዞርም ዓምድ በዓምድ እየተቀባበለው መልሶ እነሱ ዘንድ ያደርሰዋል። እርስዎ «ይቅርታ ብሎ መውጣት ያሰኘኛል» ብለዋል፤ መውጫ ያጡት ግን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዓመቱ፣ በ1877፣ ያው ሠዓሊ የሠራውን ሌላ ኅትመትም ከዚህ ጋር አስተያይተው ይመልከቱት፤ አንድ የስኮትላንድ ወታደር በጀልባ ላይ በሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጧል። ወታደሩ ወደ አንዷ ዘንበል ሲል ሌላዋ ጋር የሚቀረው ትከሻው ነው። እዚህ ከልካይ ዓምድ የለም፤ ከልካዩ የጀልባው ጥበት ራሱ ነው። ይህቺ ሌላዋ ተነሥታ እንዳትሄድ ዙሪያዋ ውኃ ነው፤ እንዳትጠጋ ደግሞ የሚያስጠጋት የለም። በመሬት ላይ ቢሆን ተራ ነገር የነበረውን ጀልባው አስጨናቂ አደረገው።

መልስ — መዳብ ሠሪ

ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ሳይነካ ቀርቷልና በእጄ ከማውቀው ልጨምር። ኅትመት ሥራዬ ነው።

በኤቺንግ ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳውን በስስ ሰም ይለብጥና ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ጥቂት ደቂቃ የቆየ መስመር ቀጭንና ግራጫ ሆኖ ይታተማል። ይበቃዋል ያሉትን መስመር በቫርኒሽ ሸፍነው ሌላውን መልሰው አሲድ ውስጥ ሲያገቡት፣ ያ ሌላው እየጠለቀና እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ በኤቺንግ «ቅርብ» እና «ሩቅ»፣ «ጎልቶ የሚታይ» እና «ደብዝዞ የሚቀር» የሚለው ሁሉ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ወንዱን በጥልቅ መስመር፣ ሴቲቱን በስስ መስመር ያስቀመጠ ሰው አንድም እንቅስቃሴ ሳያሳይ የሁለቱን ስሜት ለያይቶ ነግሮናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያልተጫረው ቦታ ነው። በዘይት ቀለም በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ክፍተት ያው ቀለም ነው፤ ሠዓሊው ሰማይ ወይም ግድግዳ ብሎ ሞልቶታል። በኤቺንግ ክፍተቱ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ማለትም ማንም ምንም ያልተናገረበት ቦታ። ዝምታን ለመሳል ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም፤ መላውም በጣም በቀላሉ የሚበላሽ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ሠርቼ ነበር። ሰሙን አሳስቼ ቀብቼው ኖሮ አሲዱ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ገብቶ እንደ በርበሬ ፍሬ የሚያህሉ ነጠብጣቦች በላበት። ታትሞ ሲወጣ ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ መካከላቸው ግን የዝንብ መንጋ የገባ መሰለ፣ ውጥረቱም አብሮ ጠፋ። ሰሌዳውን እስካሁን አልጣልሁትም።

አንድ ነገር ላክል፤ ለጽሑፍዎም ይጠቅም ይሆናል። ሰሌዳ ላይ በቀኝ የተሳለ ወረቀት ላይ በግራ ይወጣል። ስለዚህ ኤቺንግ የሚሠራ ሰው ከሁለቱ ሰዎች ማን በየት ወገን እንደሚቆም ሳያስብ መርፌ አያነሣም፤ ዓይናችን ጽሑፍ ስናነብ እንደለመደው ከግራ ስለሚጀምር መጀመሪያ ያገኘውን ሰው የነገሩ ጀማሪ፣ ቀጥሎ ያገኘውን ደግሞ መላሽ አድርጎ የመቁጠር ዝንባሌ አለው። ምስሉን በስልክዎ እንደ መስታወት ገልብጠው ይመልከቱት፤ ስሜቱ ይለወጥ እንደሆነ ያኔ ያያሉ።

መልስ — ከላይፕዚግ

የምኖርበት ከተማ የአንድ ታላቅ የኤቺንግ ባለሙያ የትውልድ ስፍራ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ማክስ ክሊንገር በ1857 እዚህ ተወለደ፤ በከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየምም ብዙ ሥራዎቹ ይገኛሉ። ወረቀት ብርሃን ስለማይወድ ኅትመቶቹ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ አይውሉም፤ ሲወጡ ደብዘዝ ባለ ብርሃን አንገትን አቅንቶ ማየት ነው።

ለርእስዎ የሚሆነው በ1881 የታተመው «ጓንት» የተሰኘ ዐሥር ኅትመቶችን የያዘ ተከታታይ ሥራው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በርሊን ውስጥ ባለ፣ መንኮራኩር ባለው ጫማ በሚንሸራተቱበት አዳራሽ አንዲት ሴት ጓንቷን ትጥላለች፤ አንድ ወጣት ያነሣዋል። የሆነው ይኸው ብቻ ነው፤ የቀሩት ኅትመቶች ያ ወጣት ከጓንቱ ጋር የሚያየው ሕልምና ቅዠት ናቸው። ሴቲቱን ሲያነጋግራት የሚታይበት ገጽ የለም።

ሁለተኛውን ኅትመት ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ወጣቱ ጓንቱን ለማንሣት አጎንብሷል፤ ባርኔጣው ከራሱ ወድቋል። ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ እየተንሸራተተች ትርቃለች። የሁለቱ አካል አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ፊት። ዓይናችን መሬት ላይ ካለችው ትንሽ ነጭ ነገር ተነሥቶ ወደ ሴቲቱ ጀርባ ለመድረስ ባዶ ወለል ማቋረጥ አለበት። ያ ወለል የታሪኩ ሁሉ ርዝመት ነው። ባርኔጣ መጣል ለዚያ ዘመን ጨዋ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወጣቱ ገና ቃል ሳይተነፍስ ራሱን ለማዋረድ የተዘጋጀ መሆኑን ሠዓሊው በአንድ የወደቀ ባርኔጣ ነገረን።

ከዚያ ወዲያ ክሊንገር የመጠን ጨዋታ ይጫወታል። በሦስተኛው ኅትመት ወጣቱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፤ ጓንቱ ከፊቱ አለ፤ ሴቲቱ ከበስተኋላ ባለው የሕልም አገር ውስጥ እንደ ጉንዳን አንሳ ትታያለች። በሰባተኛው፣ «ጭንቀት» በተሰኘው፣ ጓንቱ ከሰውየው ይገዝፍና በአልጋው ዳር ይጋረጣል። ሰው ሲያንስ ዕቃ ሲገዝፍ ማየት የናፈቀ ሰው አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። (ሥዕሎቹ መጀመሪያ በብዕር የተሠሩት በ1878 ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሮይድ ስለ ሕልም የጻፈው መጽሐፍ ሊወጣ ገና ሃያ ዓመት ይቀር ነበር።)

ዘጠነኛው ግን ሁሉንም ይበልጣል። ከቁመቱ ወርዱ እጅግ የሚረዝም፣ እንደ መቀነት የተዘረጋ ኅትመት ነው። ከጥንት አራዊት አንዱን የሚመስል የሚበር ፍጥረት ጓንቱን በአፉ ይዞ በሌሊት ይሸሻል፤ ከኋላው ከተሰበረ የመስኮት መስተዋት ውስጥ ሁለት ክንዶች ተዘርግተዋል። የሰውየውን ፊት አናይም፤ ክንዶቹን ብቻ። በእጆቹና በጓንቱ መካከል ያለው ጥቂት ጨለማ ነው፤ የሥዕሉ ቅርጽ በጎን ስለተለጠጠ ግን ያ ጥቂት ጨለማ የማይደረስበት ሆኗል። እኔ ሙዚየም ውስጥ ከዚህ ሥራ ፊት ቆሜ እጄን ከኪሴ ማውጣቴን ያወቅሁት ጠባቂው ሲመለከተኝ ነው።

መልስ — ተጠራጣሪ

ሁላችሁም በሚገባ ጽፋችኋል፤ ነገር ግን ቅንብሩን ከሚገባው በላይ እያሞገሳችሁት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሥዕሉ «የፍቅረኞች ጠብ» የሚል ስም ባይኖረው ኖሮ ጠብ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? የጀልባው ኅትመት ጥሩ ማስረጃ ይሆነኛል። ቲሶ ያንኑ ቅንብር በዘይት ቀለም ሲሠራው የሰጠው ስም «የፖርትስመዝ የመርከብ ቅጽር» የሚል የቦታ መጠሪያ ነበር፤ ኤቺንጉን ግን «ልቤ በሁለቱ መካከል ይዋልላል» በሚል ስም አወጣው። በቀለም ቀይ የነበረው የወታደሩ ልብስ በጥቁርና ነጭ ሲጠፋ ሠዓሊው ቅንብሩ ብቻውን አይበቃም ብሎ በቃል የደገፈው አይመስላችሁም?

ሌላው የዘመኑ ሥነ ሥርዓት ነው። በ1876 በለንደኑ የሮያል አካዳሚ ትርኢት ላይ ቲሶ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ከሁለት ሴቶችና ከሻምፓኝ ጠርሙሶች ጋር በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲዝናና የሚያሳይ ሥዕል አቅርቦ ተመልካቾች ነውር አለበት ብለው አጉረመረሙ። ዛሬ ያንን ሥዕል ያየ ሰው ሽርሽር ነው ብሎ ያልፋል። እነዚያ ተመልካቾች የደነገጡት በመስመር አቀማመጥ ሳይሆን፣ አንድ ወንድ ከማን ጋር፣ በማን ጠባቂነት፣ ምን ያህል ተጠግቶ መቀመጥ እንዳለበት የሚወስን ደንብ በልባቸው ስለነበረ ነው። ያንን ደንብ የማያውቅ ሰው የክንድ ርቀቱን ቢለካው ምን ይረዳዋል?

መልስ — ዘወትር ተመልካች

የተጠራጣሪ ወንድማችን ሁለተኛው ነጥብ ትክክል ነው፤ ጠያቂያችንም በጽሑፋቸው መግቢያ ቢያስገቡት ይገባል። ቲሶ ራሱ በዚያ ዘመን ከባሏ ከተፋታች ካትሊን ኒውተን ጋር ሳይጋቡ በአንድ ቤት ይኖር እንደነበረ፣ እሷም በ1882 በሳንባ ነቀርሳ እንደሞተች ስናስብ፣ የደንቡን ክብደት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ይገባናል። ስለ ስሙ የተባለው ግን አላሳመነኝም። ስም ወዴት እንደምናይ ይጠቁመናል፤ ያየነውን ነገር እዚያ አያስቀምጠውም።

ለዚህ ደንብም የወታደር ልብስም ሻምፓኝም የሌለበትን ሥራ ላቅርብ። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ በርሊን ሳለ በ1894 ያለ አሲድ፣ በመርፌ ብቻ መዳብ ላይ ጭሮ የሠራው «ሁለት ሰዎች» የሚባል ኅትመት አለ። ወንድና ሴት በባሕር ዳር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ወደ ውኃው ዞረው ቆመዋል። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ታሪክ የለም፤ ስሙም ቁጥር ከመንገር ያለፈ አይናገርም። (ኋላ «ብቸኞቹ» የሚል ስምም ተጨምሮበታል፤ እሱን ለጊዜው እንርሳው።) ሴቲቱ ነጣ ባለ ልብስ ወደ ውኃው ቀርባለች፤ ሰውየው ጠቆር ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል። አንድ እርምጃ ቢራመድ ይደርስባታል። ይራመድ ይሆን? አይታወቅም፤ ተመልካቹን የሚይዘው ያ አንድ እርምጃ ነው።

ሙንክ ይህን ክፍተት ምን ያህል እንዳሰበበት የምናየው በ1899 ያንኑ ሥዕል በእንጨት ሲያትመው ነው። እንጨቱን በመጋዝ ቆራርጦ ሴቲቱን ለብቻዋ አወጣት፤ ሰውየውን ግን ከቆመበት የባሕር ዳር ጋር አጣብቆ ተወው። ቁራጮቹን ለየብቻ ቀለም ቀብቶ መልሶ ሲያገጣጥማቸው በሴቲቱ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ከዚህ በተቃራኒ በ1895 የሠራውን «መሳም» የተባለ ኤቺንግ ቢያዩት፣ በመስኮት ፊት የተቃቀፉት ሁለቱ ሰዎች ፊታቸው አንድ ላይ ቀልጦ መለያ መስመር አጥቷል። እዚያ ፍቅር አለ፤ ውጥረት ግን የለም፤ ምክንያቱም ቦታ የለውም።

መልስ — መዳብ ሠሪ

አንዲት ነገር ብቻ፦ ያለ አሲድ በመርፌ ሲጫር መዳቡ ከጭረቱ ዳርና ዳር እንደ ተታረሰ መሬት ሸካራ ጠርዝ ያወጣል፤ ያ ጠርዝ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ እንደ ከፋይ ለስልሶ ይታተማል። የሙንክ ሰዎች ጠርዛቸው በግልጽ ያልተቆረጠው፣ ወደ መካከላቸው አየር የሚፈስሱ የሚመስሉትም በከፊል በዚህ ነው። ጠርዙ ከማተሚያው ግፊት የተነሣ ቶሎ ስለሚደቅቅ ጥሩ ሆነው የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጂዎች ናቸው። በኢንተርኔት ምስል ሲያወዳድሩ ቀደምት ቅጂ መሆኑን ያጣሩ።

መልስ — ጠመኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት የበለጠ አገኘሁ። ጽሑፌን በቲሶ ዓምድ ጀምሬ በክሊንገር ዘጠነኛ ኅትመት በኩል ወደ ሙንክ የባሕር ዳር ለመውሰድ ወስኛለሁ፤ የተጠራጣሪን ጥያቄ ደግሞ ሳላለሳልስ መሐል ላይ አስገባዋለሁ።

የስሙን ነገር ለመፈተን ትናንት ማታ «የፍቅረኞች ጠብ»ን ለታናሽ እኅቴ ስሙን ሳልነግራት አሳየኋት። ቡናዋን አስቀምጣ ትንሽ ካየች በኋላ «ያጠፋው የቱ ነው?» አለችኝ። እሷ ማንን እንደምትጠረጥር ጠየቅኋትና በጣቷ አሳየችኝ። ቆይቼ በመዳብ ሠሪ ምክር ምስሉን ገልብጬ ሰጠኋት፤ መገልበጡን አላወቀችም። ጥፋተኛውን ቀየረች።